የግራውና የቀኙ ወንበር

ስለ ስፖርት መኪና የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ገላው ቅርጽ ነው። በፊልም የሚቀረጸውም፣ በሥዕል ተነሥቶ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውም ይኸው ነው። ዳሩ ግን ነጂው ጉዞውን ከጀመረባት ደቂቃ እስከሚፈጽምባት ደቂቃ ድረስ ሰውነቱን ሳይለቅ ተሸክሞት የሚሄደው ወንበሩ ነው። ሞተሩን ነጂው በጆሮው ያዳምጠዋል እንጂ አይዳስሰውም። ወንበሩ ግን ላቡን ይጠጣል፤ ክብደቱን ይሸከማል፤ በኪሱ ያለው ቁልፍ ይወጋዋል፤ ዝናብ የመታው ካፖርት ይደረብበታል። ስለሆነም በአንድ አሮጌ መኪና ላይ የሰው ኑሮ የተጻፈበትን ገጽ የሚሻ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከማጎንበስ ይልቅ በሩን ከፍቶ የወንበሩን ቆዳ ቢመለከት ይሻለዋል።

በእንግሊዝ አገር፣ ከኦክስፎርድ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ቀድሞ የከብት መኖ ይከማችበት በነበረ የጡብ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊ የወንበር ልብስ ባለሙያ ይህን ገጽ ማንበብ የለመዱ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ሙያውን የጀመሩት በአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አጠገብ በነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚሰፉት የላዳ ታክሲዎችንና የቮልስዋገኖችን ወንበር ነበር። የታክሲ ወንበር ምሕረት አያውቅም፤ ከጧት እስከ ማታ ሰው ሲነሣበትና ሲቀመጥበት ስለሚውል ስፌቱ ይተረተራል፤ ስፖንጁ ይፈሳል። መድኃኒቱም አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጌውን ገፎ መጣል፣ አዲስ ሰው ሠራሽ ቆዳ ማልበስ። ያን ጊዜ የአንድ ሰፊ ጉብዝና የሚለካው ወንበሩን አሮጌ ነበር ለማለት እስከሚያስቸግር ድረስ አዲስ በማስመሰሉ ነበር። ዛሬ አብሯቸው የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ነው። ዕድሜው 23 ሲሆን፣ ተወልዶ ያደገው በዚያው በእንግሊዝ አገር ነው፤ እሳቸውንም «ጋሼ» እያለ ይጠራቸዋል።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት በአንድ ማለዳ ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ነጭ ኤም.ጂ.ቢ. እየነዱ ወደ ግቢው ገቡ። መኪናዋ የ1965 ሥሪት ናት። (የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ኤም.ጂ.ቢ. ከመኳንንቱ መኪናዎች ወገን አይደለችም። በ1962 ለሕዝብ የቀረበችው ይህች ጣራዋ የሚታጠፍ መኪና 1,798 ሴንቲ ሜትር ኪዩብ የሆነው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯንና ብዙውን የውስጥ ዕቃዋን የተዋሰችው ያው ኩባንያ ከሚሠራቸው የቤተሰብ መኪናዎች ነው። ይህም ዋጋዋን ስላረከሰው በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሊደርስባት ቻለ። መምህሩም ያገለገለችውን በ1973 የገዟት ከማስተማር ካገኙት ገንዘብ ቆጥበው ነው። እስከ 1980 ድረስ ጣራዋ የማይታጠፈው ዓይነት ጭምር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። የተሠራችበት የአቢንግደን ፋብሪካ ታሪክም ለቆዳ ሠራተኛ ጆሮ ደስ የሚል ነው። ኤም.ጂ. በ1929 ወደዚያች ከተማ ሲዛወር የገባው የፓቭሎቫ ቆዳ ፋብሪካ ንብረት ከነበረና ለሥራ ከማይፈለግ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እንግዲህ መኪናው ያደገው በቆዳ ጉርብትና ነው። በኦክቶበር 1980 ፋብሪካው ተዘጋ፤ ሠራተኛውም ተበተነ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚህች መኪና ወንበር ፊቱ፣ ማለት ሰውነት የሚያርፍበት ክፍል፣ እውነተኛ የከብት ቆዳ ሲሆን፣ ጀርባው የሚሸፈነው በሰው ሠራሽ ቆዳ ነበር። በ1960ዎቹ ማብቂያ ግድም እውነተኛው ቆዳ ቦታውን ለሰው ሠራሹ ለቀቀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በባሕር ዳርቻ እንደሚዘረጋ የሸራ ወንበር መስመር መስመር ያለበት ጨርቅ ለበሰች። ስለዚህ ጨርቅ ባለሙያው አስተያየታቸውን ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ዝም ማለትን ይመርጣሉ።

የመምህሩ ጥያቄ ግልጽ ነበር። ጉልበታቸው ዝቅ ካለው ወንበር ላይ ለመነሣት እምቢ ስላላቸው መኪናዋን ሊሸጧት ነው፤ ገዢ እንዳይሸሽ ሁለቱም ወንበሮች ከፋብሪካ እንደወጡ ሆነው ይታደሱላቸው።

ባለሙያው ወዲያው አልመለሱም። በመጀመሪያ ከነጂው በኩል ያለውን በር ከፍተው ቆሙ። በእንግሊዝ አገር መሪው በቀኝ ስለሆነ የነጂው ወንበር የቀኙ ነው። በበሩ በኩል ከፍ ብሎ ጎንን የሚደግፈው ክፍል ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ከሥሩ ቢጫ ስፖንጅ ብቅ ብሏል። መኪናዋ ከመሬት እጅግ ዝቅ ያለች በመሆኗ ሰው አይገባባትም፤ ይወድቅባታል ማለት ይቀላል። ሲወጣም ክብደቱን ሁሉ በዚያው የጎን መደገፊያ ላይ ጥሎ እየተንፏቀቀ ነው። ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ፣ ለሰላሳ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ሲኬድና ሲመለስ ያ ቆዳ የተፈተገውን ያህል የዶማ እጀታም አይፈተግም። ከጉልበት መታጠፊያ ሥር ያለው የፊት ጠርዝም እንዲሁ አልቋል። መካከሉ ግን ጠፍጣፋ ከመሆኑና ቀዩ ቀለም ወደ ቡናማ ከመሄዱ በስተቀር ገና ብርቱ ነው። በየመጋጠሚያው የሚዞረው ነጭ ጠርዝ የሻይ ቀለም ይዟል።

ከዚያም ዞረው የግራውን በር ከፈቱ። የግራው ወንበር እንደ ትናንት ነው። ቀይነቱ አልደበዘዘም፤ ቆዳው አልተጨማደደም፤ ስፌቱ ውስጥ ከገባው አቧራ በስተቀር ምንም አልነካውም። ባለሙያው ቀና ብለው መምህሩን አዩአቸው። መምህሩም ሳይጠየቁ፣ «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እሷም ብትሆን ነፋሱን አትወደውም ነበር» አሉ።

በዛሬ ጊዜ ለዚህች መኪና ተሠርቶ የማይሸጥ ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል። ሙሉው የላሜራ ገላዋ እንኳ ከ1988 ጀምሮ በቀድሞው የፋብሪካ መሣሪያ እንደገና እየታተመ ለገበያ ቀርቧል። የወንበሩም ልብስ ተቆርጦና ተሰፍቶ፣ ስፖንጁም በልኩ ተቀርጾ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል። ስለዚህ መምህሩ መኪናዋን ትተው እንደሄዱ የእህት ልጅ ሐሳቡን አቀረበ።

«ጋሼ፣ ትእዛዙን ዛሬ ብንልክ በዚህ ሳምንት ይደርሰናል። በሁለት ቀን አልብሰን እናስረክባቸዋለን።»

«ግራው ምን ሆነ?» አሉ ባለሙያው።

«ምንም።»

«ታዲያ ስለምን ይገፈፋል?»

«ከአዲሱ ጋር ቀለሙ ስለማይመሳሰል ነዋ! ደግሞ የሚሸጠው ጥንድ ሆኖ ነው። እየፈታን እንጠግን ብንል ለዚያ ሁሉ ሰዓት ማን ይከፍለናል?»

የወጣቱ ክርክር ከስንፍና የመነጨ አልነበረም። የቤት ኪራዩን ሒሳብ የሚይዘው እሱ ነው። ደግሞም ቆዳው በሙሉ ደርቆ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሲሆን አዲስ ማልበስ ምንም ነውር የለበትም፤ ባለሙያውም ከሚቀበሏቸው ወንበሮች አብዛኞቹን የሚያለብሱት እንዲሁ ነው። ያረጀ ነገር ሁሉ መጠበቅ አለበት የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በእጁ የማይሠራ ሰው ነው። የተበላሸውን ካላረጀው፣ ያረጀውንም ካልተበላሸው መለየት ግን ከሙያው ሁሉ የከበደው ክፍል ነውና በካርቶን ታሽጎ አይመጣም።

ባለሙያውን ያመነታቸው ሌላም ነገር ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት አሮጌ የጣሊያን መኪና ወደ ሱቁ አምጥተው ነበር። የወንበሯ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ሆኖም አልተቀደደም። ወጣቱ ሰፊ፣ የዛሬው ባለሙያ፣ እጁን ሊያሳይ ቸኩሎ ቆዳውን በካራ ገፈፈው፤ ደማቅ ቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳ አለበሰውና በቢጫ ጠርዝ ከበበው። የወጣውን ቆዳ ጫማ ጠጋኞች ወሰዱት። ሽማግሌው በቀጠሮው ቀን መጥተው ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ «እግዜር ይስጥህ፣ አሳምረህ ሠርተሃል» አሉ፤ ገንዘቡንም ቆጥረው ሰጡ። መሪውን ከያዙ በኋላ ግን መለስ ብለው፣ «አሮጌው ቆዳ የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ። «ጣልነው፣ አባባ» አለ ሰፊው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። በዚያን ዕለት በሱቁ ውስጥ የነበሩት ልጆች በጥያቄው ስቀውበታል። በዚያ ቆዳ ላይ ማን ተቀምጦበት እንደነበረ፣ ምን ጉዞ እንደተሄደበት ያወቀ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

በማግሥቱ ለመምህሩ የተላለፈላቸው ሐሳብ ይህ ነበር፤ የማይታየው ሁሉ በሁለቱም ወንበሮች ይለወጣል፤ የሚታየው ግን እስከቻለ ድረስ በቦታው ይቆያል። በቀኙ ወንበር ላይ የጎን መደገፊያውና የፊት ጠርዙ በአዲስ ቆዳ ይተካሉ፤ የቀረው ይጠገናል። የግራው ቆዳ ይታጠባል እንጂ አይነካም። ዋጋው ከተዘጋጀው ልብስ ዋጋ አይበልጥም። መምህሩ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ገዢው ይኼ አሮጌ ነው ቢለኝስ?» አሉ። «አሮጌ ነዋ!» አሉ ባለሙያው፤ «እርስዎም የሚሸጡለት አሮጌ መኪና ነው።»

ሥራው የተጀመረው ከብሎኖቹ ነው። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ከወለሉ ጋር የታሠረባቸው ብሎኖች በዝናብና በእግር ጭቃ ዝገው ስለነበር ዘይት ጠጥተው አደሩ። በማግሥቱ ያለ ትግል ተፈቱ። ልብሱን ከብረቱ የሚያያይዘው ማስቲሽ ደርቆ ስለነበር በቀላሉ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የትዕግሥት ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመፈታቱ በፊት በጀርባው በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበታል፤ የት ከማን ጋር እንደተጋጠመ ምልክት ይደረግበታል። ስፌቱም ተጎትቶ አይቀደድም፤ በምላጭ ጫፍ ክሩ አንድ በአንድ ይቆረጣል። ምክንያቱም ቆዳ ጨርቅ አይደለም። መርፌ አንድ ጊዜ የበሳው ቀዳዳ አይከደንም። በአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ሆኖ ሲጎትቱት ይለያያል። ስለዚህ አዲሱ ክር ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት በተበሳው በያንዳንዱ ቀዳዳ ተመልሶ መግባት አለበት። ወጣቱ የመጀመሪያውን ክንድ ያህል ስፌት ሲፈታ ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ ሁለት ጊዜም ተነሥቶ ሻይ አፈላ።

ስፖንጁ የግራውም የቀኙም አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው ያልተቀመጠበት ነገር አያረጅም ብሎ ለሚያስብ ሰው ትምህርት ነው። በዚያ ዘመን በወንበር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ስፖንጅ የዳንሎፕ ኩባንያ ኬሚስቶች በ1929 ያገኙት ዓይነት ሲሆን፣ የጎማ ዛፍ ወተት እንደ እንቁላል እየተመታ አየር ከገባበት በኋላ በቅርጽ ውስጥ የሚጋገር ነው። ሲሠራ እንደ ዳቦ ልብ ይለሰልሳል። ከዕድሜ ብዛት ግን አየሩ ራሱ ይበላዋል፤ በመጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይፈረፈራል፣ በመጨረሻ እንደ ሽሮ ዱቄት ይሆናል። የሁለቱም ወንበር ሆድ ሲከፈት የጠረጴዛው ፊት በቢጫ ዱቄት ተሸፈነ። ከሥሩ በመንጠቆ ከብረቱ ጋር ተወጥሮ የነበረው ላስቲክም እንዲሁ ተሰነጣጥቆ፣ በቀኙ ወንበር ላይ ከናካቴው ተበጥሷል። መምህሩ ለስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ የተቀመጡት በልማድ ላይ እንጂ በወንበር ላይ አልነበረም።

አዲሱ ላስቲክ ሲወጠር ባለሙያው የጠፍር አልጋን ነገር አነሡ። ወጣቱ የጠፍር አልጋ አይቶ አያውቅም። ጥሬ ቆዳ እንደ ቀበቶ ይሸረከታል፤ በውኃ ይርሳል፤ በአልጋው እንጨት ላይ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ይጠፈራል። ሲደርቅ ይበልጥ ይከራል። የረገበ ጊዜም ባለቤቱ ፈትቶ፣ አርሶ፣ እንደገና ይወጥረዋል እንጂ አልጋውን አይጥለውም። «ይኸ ላስቲክ ጠፍር ነው» አሉ ባለሙያው መንጠቆውን በፒንሳ እየሳቡ፤ «ልዩነቱ ጠፍር ሲደርቅ መጥበቁ፣ ይኸ ሲደርቅ መበጠሱ ነው።»

ለሁለቱ ቁርጥራጮች የሚሆነው ቆዳ በጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ከአንድ የከብት ቆዳ ውስጥ ለመቀመጫ የሚመረጠው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው ነው፤ በዚያ ስፍራ ሥጋጅቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የሆድ አካባቢው ላላ ያለ በመሆኑ ሰው ሲቀመጥበት ይለጠጥና ከረጢት ይሠራል። የሽቦ አጥር የጫረው፣ መዥገር የበላው፣ በእሳት የተተኮሰ ምልክት ያለበት ሁሉ በጠመኔ ይከበብና ይታለፋል። ወጣቱ ይህን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ስለምን የአገራችንን ቆዳ አንጠቀምም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ ለጓንት ሥራ በዓለም ገበያ ስሙ የተጠራ ነው። ለመኪና ወንበር የሚፈለገው ግን ሰፊና ጠባሳ የሌለበት የከብት ቆዳ ነው። የአገር ቤቱ ከብት በአለንጋ ይገረፋል፤ በመዥገር ይበላል፤ በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ሲታረድም በቸኮለ ቢላዋ ቆዳው ይበጣል። ጉድለቱ ከፋብሪካው በር ሳይደርስ ከግጦሹና ከእርዱ ይጀምራል።

«አባቴ ይህን ሁሉ በጣታቸው ያውቁት ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው» አሉ ባለሙያው።

«አያቴ? አያቴ ገበሬ አልነበሩም እንዴ?»

ባለሙያው ጠመኔውን አስቀመጡ። «እናትህ እንዲያ ትልሃለች። እኔም ለብዙ ሰው እንዲያ ብያለሁ። አያትህ ፋቂ ነበሩ።»

ይህ ቃል ለወጣቱ ምንም አልነበረም፤ ትርጉሙን መጠየቅ አስፈለገው። ለእሳቸው ግን ከአፍ ለማውጣት ስድሳ ዓመት የፈጀ ቃል ነው። በቀድሞው ኅብረተሰብ ውስጥ ቆዳ የሚፍቅ፣ ሸክላ የምትሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው እጁ ይፈለጋል እንጂ ፊቱ አይፈለግም ነበር። ሰው በፋቂው አጎዛ ላይ እየተኛ፣ በጠፍሩ ላይ እየተጋደመ፣ በኮርቻው ላይ እየተቀመጠ፣ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም፤ ልጁንም አይድርለትም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ይህ ንቀት በአደባባይ ተወግዟል፤ ሆኖም በአዋጅ የሚሻር ነገር ሁሉ ከአንደበትና ከዓይን አኳኋን ወዲያው አይሻርም። ባለሙያው በአዲስ አበባ ሥራቸውን የጠየቃቸውን ሰው «መካኒክ ነኝ» ይሉ ነበር። ለምን ቢባል፣ ከቆዳ ጋር ስማቸው አብሮ እንዳይነሣ ነው። ሽማግሌው የገፈፉትን ቆዳ በጠየቋቸው ዕለትም፣ ያን ቆዳ እንደዚያ በካራ ገፎ ለመጣል ያስቸኮላቸው የሙያ ኩራት ብቻ እንዳልነበረ በኋላ ተረድተውታል። ያረጀ ቆዳ የአባታቸውን ደጃፍ ይሸትታቸው ነበር።

አማርኛ ቆዳን ያለሰለሰ ሰው «አለፋ» ይላል፤ የደከመ ሰውንም «ለፋ» ይለዋል። የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለቋንቋ ሊቃውንት መተው ይሻላል፤ አባቱ በግራር ልጥ የተነከረውን ቆዳ በተረከዙ እየረገጠ ከጧት እስከ ማታ ሲውል ያየ ልጅ ግን መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልገውም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በጡብ ቤቱ ውስጥ የተነገረው ይህ ነው። ወጣቱ ሥራውን ትቶ ሰማ፤ ስለ ሰዓቱ ሒሳብም አላነሣም።

የአዲሱ ቆዳ ስፌት ብዙ አላስቸገረም። የበሰበሰው የጥጥ ክር በማይበሰብስ ሰው ሠራሽ ክር ተተካ፤ ውፍረቱና የስፌቱ ርዝመት ግን እንደ ቀድሞው ሆነ። መካከሉ ላይ የነበሩት ጥቃቅን ስንጥቆች ከሥራቸው ስስ ጨርቅ ተለጥፎላቸው ከላይ በሚተጣጠፍ መሙያ ተደፈኑ። ያደከመው ቀለሙ ነው። ከቀይ የበለጠ አታላይ ቀለም የለም፤ በመብራት ሥር ከአሮጌው ጋር ፍጹም አንድ የሆነው ቀይ፣ ወደ ደጅ ሲወጣ እንደ በርበሬና እንደ ጽጌረዳ ይለያያል። ስለዚህ ባለሙያው እያንዳንዱን ሙከራ በቁራጭ ቆዳ ላይ እየቀቡ፣ እየደረቀ፣ ወደ በሩ እየወሰዱ በቀን ብርሃን ያመሳክሩ ነበር። ሰባተኛው ሙከራ ተስማማ። በዚህ ጊዜ ወጣቱ አዲሱን ቆዳ በሽቦ ብሩሽ ጥቂት ጭረን አሮጌ ብናስመስለውስ ሲል ጠየቀ፤ እንዲህ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉና። ባለሙያው አልተቀበሉትም። ቀለሙ ጎረቤቱን እንዳያስቀይም መምሰል ይገባዋል፤ መጨማደዱን ግን የሚቀመጥበት ሰው ያምጣው።

የቀኙን ወንበር አሮጌ ጀርባ ሲከፍቱ በውስጥ በኩል በእርሳስ የተጻፈ ቁጥርና ከጎኑ እንደ መስቀል ያለ ምልክት አግኝተው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሠራተኛ ለራሱ መቁጠሪያ ወይም ለባልደረባው ምልክት ያኖረው ይሆናል። ባለሙያው አላጠፉትም። ልብሱ በአዲሱ ስፖንጅ ላይ ከመሳቡ በፊት ግን ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አንሥተው፣ በአዲሱ የጎን መደገፊያ ቆዳ ጀርባ ላይ፣ ከምልክቱ ትይዩ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ ስም ጻፉ። ወጣቱ አነበበው። የአያቱ ስም ነበር። ምንም ሳይናገር የራሱን ጫፍ ያዘና ሁለቱ ልብሱን ወደ ታች ሳቡት፤ ጠርዙ ቀጥ እስኪል ድረስ እየዳሰሱ ወጠሩት፤ ስሙም ተሸፈነ።

መምህሩ በቀጠሮው ቀን መጡ። በቀኙ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው ላይ ግራ መጋባት ታየ። አዲሱ ስፖንጅ ከፍ ስላደረጋቸው ለብዙ ዓመት የለመዱት መንገድ ከሌላ ቦታ ታያቸው፤ የኋላ ማሳያውን መስተዋት እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው። ከዚያም የጎን መደገፊያውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አዲሱ የሚጀምርበትን መስመር ፈልገው በመጨረሻ አገኙት። «እዚህ ነው» አሉ። «እዚያው ነው» አሉ ባለሙያው።

ገንዘቡ ተከፈለ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያው ወደ ውስጥ ገብተው አንድ የወረቀት ከረጢት ይዘው ወጡና በመስኮቱ በኩል ሰጧቸው። ከቀኙ ወንበር የወጣው አሮጌ ቆዳ ተጠቅልሎ ነበር። መምህሩ አልጠየቁም ነበር። ከረጢቱን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው አጠፉት፤ በግራው ወንበር ላይ አስቀመጡት። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ ስትታጠፍ ከረጢቱ ሊንሸራተት ሲል፣ መምህሩ በግራ እጃቸው ያዙት።